አንደኛው ወላጅ መንገድ ላይ ሲሆን፦ ድክ ድክ የሚል ልጅ ያለበት ቤት የዕለት ኑሮ

የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ በኩል መሆኑ ይታወቃል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆን፣ አዳማን፣ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሰመራን አቋርጦ በጋላፊ በኩል ድንበር ስለሚሻገረው፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከጭነቱ፣ ከነዳጁና ከወደቡ ወረፋ ጋር በተያያዘ ነው። ከባድ መኪናውን የሚያሽከረክረው ሰው ትቶት ስለሚሄደው ቤት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በዚያ ቤት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ካለ፣ የአባት መውጣትና መግባት የልጁን እንቅልፍ፣ ምግብና ጠባይ፣ የእናትንም ጤና በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ይሆናል።

ተመላላሽ ኑሮ የአሽከርካሪዎች ብቻ አይደለም። የበረራ ሠራተኞች፣ የመስክ ባለሙያዎች፣ የሠራዊት አባላትና ከገበያ ገበያ የሚዘዋወሩ ነጋዴዎች ቤተሰቦችም ይህንኑ ይኖሩታል፤ በአንዳንዱ ቤት መንገደኛዋ እናት ናት። ይህ ማብራሪያ የአሽከርካሪውን ቤት በምሳሌነት ቢይዝም የተነሡት ነጥቦች ለሌሎቹም ያገለግላሉ። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዶ ለዓመታት መቆየት ግን የተለየ ጉዳይ በመሆኑ እዚህ አልተካተተም።

ልጁ መለየትን እንዴት ይረዳዋል?

ሕፃናት ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ከሚያውቁት ሰው መለየትን መፍራት ይጀምራሉ። ስሜቱ በአብዛኞቹ ልጆች ከ10 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ልጁ 2 ዓመትን አልፎ ወደ 3 ሲጠጋ ደግሞ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ይህ የጤናማ ዕድገት ምልክት እንጂ የመሞላቀቅ ውጤት አይደለም። ልጁ የሚወደው ሰው ከዓይኑ ቢሰወርም በሌላ ቦታ እንዳለ ማወቅ ጀምሯል፤ መቼ እንደሚመለስ ግን ማስላት አይችልም። «ሐሙስ እመጣለሁ» ወይም «አራት ቀን ብቻ ነው» የሚለው ንግግር ለአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ትርጉም የለውም። ለእርሱ ትርጉም ያለው በየጊዜው ሳይለወጥ የሚደጋገም ነገር ነው።

በብዙ ቤት የተለመደው አሠራር አባት ጎህ ሳይቀድ፣ ልጁ ሳይነቃ ሹልክ ብሎ መውጣት ነው። ምክንያቱ በጎ ነው፤ ልጁ እንዳያለቅስ፣ እናትም በማለዳ እንዳትቸገር ነው። ይሁንና ልቅሶው አይቀርም፤ ሰዓቱን ብቻ ይቀይራል። ማታ አብሮት የነበረውን ሰው ሲነቃ የሚያጣ ልጅ፣ ይህ ሲደጋገምበት እንቅልፍን ራሱን ሊፈራ ይችላል። ማታ አልተኛም ይላል፤ ሌሊት እየነቃ እናቱን ይዳስሳል፤ ቀን ወደ ጓዳ በገባች ቁጥር ቀሚሷን ይዞ ይከተላታል። እናትም ይህን ጠባይ ከአባት አወጣጥ ጋር ሳታገናኘው ልጁ «ተንኮለኛ ሆኗል» ብላ ልትቆጣው ትችላለች።

የሚመከረው ግልጽና አጭር ስንብት ነው። መኪናው ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሣ ከሆነ ልጁን ከእንቅልፉ መቀስቀስ አያስፈልግም፤ ስንብቱ በዋዜማው ማታ ሊፈጸም ይችላል። ሻንጣው በልጁ ፊት ይዘጋጅ፤ ልጁም ፎጣውን ወይም ካልሲውን እንዲያቀብል ይደረግ። አባት በየጉዞው የማይለውጣት አንዲት ዓረፍተ ነገር ትኑረው፤ «አባባ መኪና ሊነዳ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ቤት ይመጣል» ማለት ይበቃል። እናት ጠዋት ያንኑ ቃል ትደግመዋለች። ልጁ ሊያለቅስ ይችላል፤ ማልቀሱ ግን ስንብቱ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ከሦስትና ከአራት ጉዞ በኋላ ልጁ የቃሉን ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም መምጣቱን፣ መጠበቅ ይጀምራል።

ፊትን በነጠላ ሸፍኖ መግለጥና ከበር ኋላ ተደብቆ ብቅ ማለት፣ ልጁ ከፍ ሲልም ኩኩሉ መጫወት፣ ተሰውሮ የመመለስን ነገር በሳቅ የሚያለማምዱ ጨዋታዎች ናቸው። አያቶች ይህን ሲያጫውቱ የኖሩት መጽሐፍ አንብበው አልነበረም፤ ባለሙያዎች ዛሬ የሚመክሩትም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የመመለሻን ቀን ቆርጦ መናገር ግን አይመከርም። ወደብ ላይ ወረፋ ሲበዛ ወይም መኪና ሲበላሽ ጉዞው በቀናት ሊራዘም ይችላል። ከፍ ላለ ልጅ ቀኑን በጠጠር ማስቆጠር የሚጠቅመው ቀኑ የተረጋገጠ ሲሆን ነው፤ አለዚያ ጠጠሩ አልቆ አባት ሳይመጣ ይቀራል።

ስልክና ድምፅ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 2 ዓመት ያልሞላ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን እንዲያዩ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመከራል። ከአባት ጋር በቪዲዮ መነጋገር ግን ካርቱን ከማየት ጋር አንድ አይደለም፤ በወዲያኛው ወገን ልጁን የሚያየውና የሚመልስለት ሰው አለ። ጥሪው አጭር፣ በተቻለ መጠንም በተመሳሳይ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ልጁ ሁለት ደቂቃ አውርቶ ሊሄድ፣ ስልኩን ገልብጦ ከኋላው አባቱን ሊፈልግ፣ ወይም ጭራሽ ለማውራት እምቢ ሊል ይችላል፤ ይህ እንደ ጥላቻ መቆጠር የለበትም። መረብ በማይኖርባቸው የመንገዱ ክፍሎች አባት አስቀድሞ በስልክ የቀዳው አጭር የድምፅ መልእክት በመኝታ ሰዓት ሊሰማ ይችላል።

አንድ ነገር በጥብቅ ሊታሰብበት ይገባል። ጥሪው መኪናው ከቆመ በኋላ እንጂ አባት መሪ ይዞ ሳለ መደረግ የለበትም። ልጁ ናፍቆ እያለቀሰ መሆኑ ለአሽከርካሪው በጉዞ ላይ ቢነገረው፣ ከቤት ሆኖ ሊረዳው የሚችል ሰው የለም።

ቤት የቀረው ወላጅ

ድክ ድክ የሚል ልጅ ከምድጃ፣ ከፈላ ውኃ፣ ከበረንዳ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ የሚጠበቀው በዓይን ነው። ሁለት ሰው ባለበት ቤት አንዱ ወጥ ሲሠራ ሌላው ልጁን ይይዛል። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ግን ገላ መታጠብ እንኳ ልጁ እስኪተኛ የሚጠበቅ ሥራ ይሆናል። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ይህ ለእናትም ትንሽ ፋታ ነበር፤ ብዙ እናቶች ግን ያንን ሰዓት ለልብስ አጠባና ለቤት ጽዳት ያውሉታል፤ ሌሊትም በልጁ መንቃት ይነቃሉ። እንቅልፍ ያጣች እናት ቶሎ መቆጣቷ የጠባይ ጉድለት አይደለም።

ስለዚህ አባት መንገድ ላይ በሚሆንባቸው ቀናት የሥራውን መጠን መቀነስ ይገባል። የልጁ ምግብ ቀለል ያለ ሊሆን ይችላል። ከጥራጥሬና ከእህል የተዘጋጀ የገንፎ ዱቄት አስቀድሞ ተፈጭቶ ቢቀመጥ፣ በየዕለቱ ትንሽ ዘይት፣ እንቁላል ወይም ወተት እየተጨመረበት ይሠራል። ጡት የሚጠባ ልጅ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን ሊቀጥል ይችላል፤ አባት በሌለበት ሰሞን ጡት ለማስጣል መጀመር ግን ለልጁ ሁለት መለየትን በአንድ ጊዜ ማድረስ ነው። የመኝታው ቅደም ተከተል፣ ማለትም መታጠቡ፣ እራቱና እሽሩሩው፣ አባት ቢኖርም ባይኖርም ባይለወጥ መልካም ነው።

በየቤቱ የሚሰማ አንድ ልማድ ግን መታረም አለበት። ልጁ ሲያስቸግር «ቆይ፣ አባትህ ይምጣ፤ እነግርልሃለሁ» ይባላል። ይህ ቃል የዕለቱን ጩኸት ያበርድ ይሆናል፤ ሆኖም በናፍቆት መጠበቅ የሚገባው ሰው በፍርሃት እንዲጠበቅ ያደርጋል። አባቱን በወር ጥቂት ቀናት ብቻ የሚያይ ልጅ ስለ አባቱ የሚያውቀው አብዛኛው ነገር እናቱ የነገረችው ነው።

የጎረቤትና የዘመድ እገዛም በደፈናው «ካስፈለገሽ ጥሪኝ» ከመባል አልፎ ቢወሰን ይጠቅማል። ማክሰኞና ዐርብ ከሰዓት በኋላ ልጁን ለአንድ ሰዓት የምትይዝ አክስት፣ ወይም ልጇ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ጎረቤት፣ ከአሥር የቃል ግብዣ ትበልጣለች። እናት በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ ኀዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ከልጇ የመራቅ ስሜት ካደረባት በአቅራቢያዋ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዳ ልትመከር ይገባል።

ውሳኔ ስልክ እስኪነሣ አይጠብቅም

ሌሊት ልጅ ሲያተኩስ አንዳንድ እናቶች አስቀድመው የሚደውሉት ለባለቤታቸው ነው። ስልኩ ካልተነሣ፣ ወይም ሕክምናው የሚጠይቀውን ገንዘብ ያለ እርሱ ዕውቅና ማውጣት ከከበዳቸው፣ እስኪነጋ ይጠብቃሉ። በትንሽ ልጅ ሕመም ጥቂት ሰዓት ብዙ ነው። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፣ በፍጥነት ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በተለምዶ «ለምለም» የሚባለው ኦ.አር.ኤስ. በጥቅሉ ላይ በተመለከተው ልክ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይሰጠዋል፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸውና ልጆቻቸውን በማሳደግ መተባበር እንደሚገባቸው ደንግጓል። በተግባር ሲተረጎም ቤት ያለው ወላጅ ስለ ልጁ ሕክምና ለመወሰን የሌላውን ፈቃድ አይለምንም ማለት ነው። ይህን ከጉዞ በፊት በግልጽ መነጋገር፣ ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ገንዘብ እናት እጅ ወይም በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ በሌሊት ተሽከርካሪ ይዞ ሊመጣ የሚችል ሰው ስልክ በግድግዳ ላይ መጻፍ አስፈላጊ ነው። የአባትን ፊርማ የሚጠይቁ ጉዳዮች የሚጠበቁ ከሆነም ውክልና አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል።

የክትባት ቀጠሮም በጉዞ ምክንያት መዘግየት የለበትም። የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው ልጁ መራመድ ከጀመረ በኋላ ስለሚመጣና ከመጀመሪያው ስለሚርቅ በቀላሉ ይዘነጋል። ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ በየ6 ወሩ ይሰጣል።

በግል ድርጅት ለሚሠራ አባት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥመውም እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ፣ ሊያገኝ ይችላል። የዓመት ዕረፍቱ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው። ሦስት ቀን ለአንድ አራስ ቤት ጥቂት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ የዓመት ዕረፍትን በልጁ የመጀመሪያ ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ከፍሎ መውሰድ ከአሠሪው ጋር ሊመከርበት የሚገባ ነው።

የመመለሻው ቀን

ብዙ አባቶችን የሚያሳዝነው ስንብቱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ሳምንት ሙሉ የናፈቀው ልጅ በሩ ሲከፈት ከእናቱ ኋላ ይደበቃል፤ ልቀፍህ ሲሉት ያለቅሳል። ይህ የመርሳት ምልክት አይደለም፤ ልጁ ከሰውየው ጋር እንደገና ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋል። አባት ልጁን ከእናቱ እጅ ከመንጠቅ ይልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ በራሱ ፍጥነት እስኪቀርበው ቢጠብቅ ይሻላል። አንዳንዱ በደቂቃዎች፣ አንዳንዱ በማግስቱ ይመጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር እንቅልፍ ነው። ሌሊት ሲነዳ ያደረ ሰው ማረፍ አለበት፤ ልጁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ዝም በል፣ አባትህ ተኝቷል» እየተባለ ይውላል። አባት ቤት ገብቶም እንደሌለ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ከልጁ ጋር ተጫውቶ ከዚያ መተኛት፣ እርሱ በተኛበት ሰዓትም እናትና ልጅ ወደ ዘመድ ወይም ወደ ጎረቤት መሄድ ለሦስቱም ይቀላል።

ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ይዞ መግባት፣ እናት የከለከለችውንም መፍቀድ፣ ፍቅርን ቶሎ ለማግኘት የሚደረግ ነው። ውጤቱ ግን አባት በወጣ ማግስት እናት ላይ ይወድቃል። ከስጦታው ይልቅ አባት ቤት ባለባቸው ቀናት አንድ ሥራ፣ ገላ ማጠቡን ወይም ማታ ማስተኛቱን፣ ሙሉ በሙሉ ቢረከብ ልጁ በእርሱም እጅ መተኛት ይለምዳል። እናትም በእነዚያ ምሽቶች ሳትቀሰቀስ ታድራለች።