ወደ ባህር ስንወርድ ሽንት ቤቱ የት ነው?



የሊባኖስ ሙቀት ሲጀምር የእሁዱ ወሬ ሁሉ ስለ ባህር ይሆናል። ከጸሎት በኋላ ተሰብስበን የምንነጋገረው ስለ መኪናው፣ ስለ ምግቡና ስለ ልብሱ ነው። አፍ አውጥተን የማንናገረው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም የሽንት ቤት ጉዳይ ነው። ነገሩን በስሙ መጥራት ነውር ስለሚመስለን «ውጪ ደርሼ ልምጣ» እያልን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ከጠዋት እስከ ማታ ሽንቷን ቋጥራ የዋለች ሴት አርፋለች ማለት አይቻልም። ብዙዎቻችን ሽንት እንዳይመጣብን ብለን በዚያ ፀሐይ ውኃ ሳንጠጣ እንውላለን። ማታ ራስ ምታቱ፣ በማግስቱ ደግሞ ማቃጠሉ ይከተላል፤ ሰኞም ሥራ ይጠብቀናል። ስለዚህ በዚህ እትም ጉዳዩን በግልጽ ልንነጋገርበት ወደናል። ለምሳሌ የመረጥነው አንድ ጸጥ ያለ መንደር ቢሆንም ምክሩ ለሌላውም የባህር ዳር መንደር ያገለግላል።

አንፌ፦ ከነፋስ በታች ያለችው መንደር

አንፌ ከቤሩት በስተሰሜን ወደ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በትራብሎስ መንገድ ላይ የምትገኝ የአሣ አጥማጆችና የጨው ሠሪዎች መንደር ናት። ከዶራ የትራብሎስን ቫን ወይም አውቶቡስ ይዞ ጁንዬን፣ ጅቤልን፣ ባትሩንን ማለፍ ነው። የሽካ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከታዩ መውረጃው ቀርቧል። ለሾፌሩ አስቀድማችሁ «አንፌ» በሉት፤ በአውራ ጎዳናው ላይ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ ወደ ባህሩ በእግር መውረድ ነው።

የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል የሩም ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። በባህሩ ዳር «ሰይደት ኤል ሪሕ» ማለትም የነፋስ እመቤታችን የምትባል ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች። መርከበኞች ሠሯት ተብሎ ይነገራል፤ በግድግዳዋም ላይ የድሮ ሥዕል ቅሪት ይታያል። ከእርሷ በታች ያለው የባህር ዳር «ታሕት ኤል ሪሕ» ይባላል፤ ከነፋስ በታች ማለት ነው። ቤቶቹ ነጭና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ባህሩ አሸዋ የለውም፤ ሰው የሚዋኘው ከድንጋዩና ከሲሚንቶው መድረክ ላይ እየወረደ ነው። ከመንደሩ ራቅ ብሎ ወደ ሽካ በኩል ደግሞ የዴር ኤል ናጡር ገዳም በባህሩ ላይ ቆሞ ይታያል።

በየድንጋዩ ላይ አራት ማዕዘን የሆኑ ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች ታያላችሁ። እነዚህ የጨው ገንዳዎች ናቸው። የባህር ውኃ ይሞላባቸዋል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ጨው ይቀራል። ብዙዎቹ ዛሬ የተተዉ ቢመስሉም አሁንም የሚሠራባቸው አሉ። ስለዚህ ከዓይን ለመሰወር ብለን ወደ ገንዳዎቹ መሄድ አይገባም፤ የሰው ምግብ የሚወጣበት ስፍራ ነውና።

ሽንት ቤቱ የት ይገኛል?

አዲስ አበባ ላይ ሳንቲም ከፍለን እንደምንገባበት ያለ የሕዝብ ሽንት ቤት በትንሽ መንደር አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ። በእንዲህ ያለ ቦታ ሽንት ቤት የሚገኘው በሰው ቤት ውስጥ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

አንደኛ፣ ከመነሻችሁ ተጠቅማችሁ ውጡ። በዶራ የምታውቁት የሐበሻ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ካለ ከመኪና በፊት እዚያ ጎራ በሉ።

ሁለተኛ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ ያሉት የነዳጅ ማደያዎች ናቸው። «መሐጣ» ይባላሉ። ብዙ ጊዜ ከኋላ በኩል ሽንት ቤት አላቸው። ቁልፉ ከሠራተኛው ጋር ስለሚሆን ጠይቁ፤ ሁለት ሆናችሁም ሂዱ።

ሦስተኛ፣ የባህር ዳሩ ምግብ ቤቶች ናቸው። ከመካከላችን አንዷ ቡና ወይም ውኃ ገዝታ ብትቀመጥ ሁላችንም በየተራ መጠቀም እንችል እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ጠረጴዛ ብንይዝ ቀኑን ሙሉ መጠለያም፣ ሽንት ቤትም፣ ልብስ መቀየሪያም እናገኛለን። ነገር ግን ከመቀመጣችን በፊት ዋጋውን እንጠይቅ። ብዙዎቹ በሙቀቱ ወራት ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ በብርዱ ወራት የተዘጉ በሮች ያጋጥሟችኋል።

አራተኛ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ነው። በመስጊድ አካባቢ የውዱእ ውኃና መጸዳጃ ስለሚኖር ሙስሊም እህቶቻችን ይህን ያውቃሉ፤ የሴቶቹ በኩል የት እንደሆነ ይጠይቁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ገዳም የምትሄዱ ደግሞ የዋና ልብሳችሁን ቀይራችሁ፣ ትከሻና ጉልበታችሁን ሸፍናችሁ ግቡ። መጀመሪያ ጸልዩ፣ ከዚያ መነኩሲቷን ወይም ጠባቂውን በትሕትና ጠይቁ።

ጭር ወዳለ ድንጋይ ሥር ብቻችሁን አትሂዱ። ሐፍረቱን ለመሸሽ ብለን ወደ አደጋ መግባት የለብንም። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ ሁለቱ ነጠላ ወይም ፎጣ ዘርግተው ይጋርዱ፤ የተጠቀማችሁበትን ሶፍትም በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ።

እንዴት ብለን እንጠይቅ?

ዓረብኛው ገና ያልገባችሁ አዲሶች እነዚህን ያዙ። ለሚሠራ ሰው ቀድሞ «የዕጢክ ኤል ዓፍየ» ማለት ጥሩ ነው፤ ብርታት ይስጥህ እንደማለት ነው። ሴት ከሆነች «የዕጢኪ ኤል ዓፍየ» ይባላል። ከዚያ «ለው ሰመሕት፣ ወይን ኤል ሐማም?» ማለት «እባክህ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው?» ነው፤ ለሴት «ለው ሰመሕቲ» በሉ። «ፊኒ ፉት ዓል ሐማም?» ማለት ደግሞ «ሽንት ቤት መግባት እችላለሁ?» ነው። «አዴሽ?» ዋጋው ስንት ነው፣ «ፊ ማይ?» ውኃ አለ ወይ ማለት ነው። በበር ላይ «ሰይዳት» ተብሎ የተጻፈው የሴቶች፣ «ሪጃል» የተባለው የወንዶች ነው። ፊደሉን የማታነቡ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙት። ከቧንቧ ከመጠጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ይልቁንም የመጠጥ ውኃ ገዝታችሁ ብትይዙ ይሻላል።

ቢከለክሉንስ?

ይህ ያጋጥማል። የቆዳችንን ቀለም አይቶ «ሽንት ቤት የለም» ያለን የምግብ ቤት ባለቤት አለ፤ ወዲያው ከኋላችን የመጣችውን እንግዳ በእጁ እየጠቆመ ወደዚያው ሲልካት አይተናል። ያማል፤ አያምም አንልም። መብታችንን ለይተን ማወቅ ግን ይጠቅመናል።

በሊባኖስ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ቁጥር 144 ውሳኔ መሠረት የባህሩ ዳር የሕዝብ ነው፤ የክረምት ማዕበል እስከሚደርስበት ድረስ ማንም የግሌ ሊለው አይችልም። በተጨማሪም የቱሪዝም ሚኒስቴር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ የመዋኛና የባህር ዳር መዝናኛዎች ሰውን በዘሩ ወይም በዜግነቱ እንዳይለዩ አዟል። ሆኖም በወረቀት ያለው ሁሉ በር ላይ አይገኝም። ደግሞም ዳርቻው የሕዝብ ነው ማለት የምግብ ቤቱ ሽንት ቤት የሕዝብ ነው ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ «ለደንበኛ ብቻ» ሊል ይችላል። ገዝተን ደንበኛ ሆነን ሳለ በመልካችን ብቻ ከከለከለን ግን ነውሩ የእርሱ እንጂ የእኛ አይደለም። ጠብ አናንሳ፤ ወረቀታችንና ሥራችን በሌሎች እጅ ያለ ሰዎች ነንና። የቦታውን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለሚረዷችሁ ድርጅቶች ንገሩ፤ ለሌሎች እህቶችም እንዳይሄዱበት አስታውቁ። በደግነት የተቀበለንንም ስፍራ እንዲሁ እንናገር፤ ገንዘባችን ወደ ደጎቹ ይሂድ።

ከማዳም ጋር ለምትሄዱ

ከእኛ መካከል ወደ ባህር የምትሄደው ልጆች ልትጠብቅ የሆነች ብዙ ናት። በሙሉ ልብሷ ፀሐይ ላይ ቆማ ትውላለች፤ ልጆቹን ትታ መሄድ ስለማትችል ሽንቷን ትይዛለች። እህታችን ሆይ፣ ገና ስትደርሱ ጠይቂ፦ «ማዳም፣ ወይን ኤል ሐማም?» መሄድ ስትፈልጊም «ማዳም፣ በዲ ፉት ዓል ሐማም» በያት። ልጁን በውኃ አጠገብ ብቻውን ትተሽ አትሂጂ፤ ለማዳም ወይም ለሌላ አዋቂ በእጅ አስረክበሽ ሂጂ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው ቀን ለአንቺ የሥራ ቀን ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ እረፍት እንዳለሽ ይናገራል።

ስለ ጤናችን

የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ ጀርም በቀላሉ ወደ ፊኛ ይገባል። ውኃ አለመጠጣትና ሽንት መቋጠር ደግሞ ጀርሙ ታጥቦ እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ስትሸኑ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ወይም የወገብ ሕመም፣ ማስመለስ ወይም በሽንት ውስጥ ደም ከታየ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እርጉዝ የሆነች ሴት ምልክቱ ቀላል ቢሆንም ትታይ። ከጓደኛ የተረፈ መድኃኒት አትዋጡ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን ግን ቢሻላችሁም ጨርሱ። እርጥብ የዋና ልብስ ለብሳችሁ አትዋሉ፤ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ።

ይዘን የምንሄደውና መንገዱ

ሶፍት፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ሁለት ፌስታል፣ ነጠላ ወይም ሰፊ ፎጣ፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ለእያንዳንዷ የሚበቃ የመጠጥ ውኃ፣ አንድ ትርፍ ጠርሙስ የመታጠቢያ ውኃና ዝርዝር ገንዘብ። ሞዴስና ሶፍት በሽንት ቤቱ ቀዳዳ ውስጥ አትጣሉ፤ ቧንቧው ይደፈናል፤ ቀጥሎ ለሚመጡት እህቶች በሩ የሚዘጋውም በዚህ ነው።

ኢቃማችሁን ያዙ። ከጅቤል አልፎ ወደ ባትሩን ሲኬድ መድፉን ላይ የጦር ሠራዊት ኬላ አለ። ወረቀታችሁ ያልተስተካከለ ሰዎች ይህን አስባችሁ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማክራችሁ ወስኑ። አገሩ ካለበት ሁኔታ የተነሳም መንገዱ ሰላም መሆኑን በዕለቱ ጠይቁ፤ የመመለሻውንም መኪና ሳይመሽ ያዙ። ዋና የማትችሉ ከድንጋዩ ላይ አትዝለሉ፤ ከዳሩ ወዲያው ጥልቅ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ አባቶቻችን። አደጋ ቢደርስ ቀይ መስቀል 140፣ ሲቪል መከላከያ 125 ነው።

እህቶቻችን፣ እግዚአብሔር ይህን ሥጋ ሲፈጥር ሳያፍርበት ፈጥሮታል። የሌላውን ሰው ሽንት ቤት ሳምንቱን ሙሉ አጽድታ የምትውል ሴት፣ በእረፍቷ ቀን ንጹሕ ሽንት ቤት ስትጠይቅ አንገቷን መድፋት የለባትም። ቀና ብላችሁ ጠይቁ፣ ውኃችሁን ጠጡ፣ በሰላም ተመለሱ። በሌሎች የባህር ዳር መንደሮች በደግነት የተቀበሏችሁን ስፍራዎች ከእሁድ ጸሎት በኋላ ንገሩን፤ ስም ዝርዝሩን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

አምላካችን በመውጣታችሁም በመግባታችሁም ይጠብቃችሁ።