«525 እጥፍ ያጎላል» ለልጅዎ ቴሌስኮፕ ከመግዛትዎ በፊት

አሜሪካ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም የዛሬ ዓመት ለገና ሲመጣ ለልጃችን ቴሌስኮፕ ይዞላት መጣ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ስለ ፕላኔቶች የማትጠይቀው ጥያቄ አልነበረም። ካርቶኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ደመና የመሰለ የከዋክብት ፎቶ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ በትልቁ «525 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ ተጽፎበታል። የዚያን ዕለት ማታ እራት እንኳ በወጉ አልተበላም፤ ሁላችንም ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ተኮለኮልን።

ያየነው የሚንቀጠቀጥ ጭጋግ ነው። እግሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ሰው በረንዳው ላይ በተራመደ ቁጥር ጨረቃዋ ትዘላለች፤ አገኘናት ስንል ከሌንሱ ትወጣለች። ልጄ አምስት ቀን ታገለች። በስድስተኛው ቀን «አባዬ፣ እኔ አልችልበትም» ብላ ተወችው። ከዚያ በኋላ ቴሌስኮፑ ሳሎን ጥግ ቆሞ የትምህርት ቤት ሹራብ መስቀያ ሆነ።

እኔን ያንገበገበኝ ዕቃው አይደለም፤ ጥፋቱን ወደ ራሷ መውሰዷ ነው። እሷ ያጠፋችው ነገር አልነበረም። ያልቻልንበት እኛ ትልልቆቹ ነን፤ ካርቶኑን አምነናል።

525 የምትለዋ ቁጥር ከየት እንደመጣች በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የዚህ ቴሌስኮፕ የፊት ሌንስ ብርሃኑን አንድ ቦታ የሚሰበስበው በ700 ሚሊሜትር ርቀት ነው። ዓይናችንን ከምናስጠጋባቸው ትንንሽ ሌንሶች አንዱ 4 ሚሊሜትር ነው፤ 700 ለ4 ሲካፈል 175 ይሆናል። በዚያ ላይ በሦስት የሚያባዛ ሌላ ቱቦ ይጨመርና 525 ይሞላል። ሒሳቡ ውሸት የለውም፤ የሚጎላው ግን ጭጋጉ ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት 60 ሚሊሜትር ብቻ ነበርና። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንደሚሉት አንድ ሚሊሜትር ስፋት ቢበዛ ሁለት እጥፍ ማጉላትን ይሸከማል። ስለዚህ የእኛው አቅሙ 120 ነው፤ ያም ቢሆን ሰማዩ እጅግ ሲጠራና ማቆሚያው ፍንክች ሳይል ሲቆም።

ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ወይም ውጭ ላለ ዘመድ ሲያዝዙ «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብለው አይጠይቁ። «የፊት ሌንሱ ወይም መስታወቱ ስፋቱ ስንት ነው? ማቆሚያውስ ይንቀጠቀጣል ወይ?» ይበሉ። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ባለ ሌንስ ከሆነ ከ70 ሚሊሜትር ባያንስ፣ ባለ መስታወት ከሆነ 114 ወይም 130 ቢሆን ለልጅ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ማቆሚያን በተመለከተ እኔ የምመርጠው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በእጅ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚገፋውን፣ ዶብሶኒያን የሚሉትን ዓይነት ነው። ቀጭን እግር ስለሌለው አይንቀጠቀጥም፤ የስምንት ዓመት ልጅም በአንድ ማታ ትለምደዋለች።

ዘንግና ክብደት ተንጠልጥሎበት እንደ ላቦራቶሪ ዕቃ የሚያምረው ማቆሚያ ዓይንዎን እንዳይስበው። እሱ የሚሠራው ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ሲያነጣጥር ነው። የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ወይ የጎረቤት ፎቅ ወይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። ለአውሮፓ ልጅ የሚመች ዕቃ እዚህ ወገብ ያስቆርጣል።

አሁን ወደሚያስፈራው ጉዳይ ልግባ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጄ ከካርቶኑ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ጥቁር መስታወት አግኝታ ልትገጥም ስትታገል ደረስኩ። «ለፀሐይ» ይላል። ይህ መስታወት ዓይን በሚጠጋበት ሌንስ ላይ የሚገጠም ነው፤ የፊት ሌንሱ የሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። ሲግል ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያኔ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ አይኖርም። ዓይን ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ሲቃጠል አያምም፤ ልጅ «ዋይ» ሳትል ልትጎዳ ትችላለች ማለት ነው። እኔ መስታወቱን በመዶሻ ሰባብሬ ጣልኩት፤ እርስዎም ካገኙ እንዲሁ ያድርጉ። ፀሐይ የምትታየው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ በቴሌስኮፑ ፊት ለፊት፣ ሙሉውን አፉን ሸፍኖ ሲገጠም ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት በሆነችበት ጠዋት ልዩ መነጽር ፍለጋ የተሯሯጥን ሰዎች ይህን ልንረሳው አይገባም። ቀን ቀን ቴሌስኮፑ ክዳኑ ተከድኖ ይቀመጥ።

ቤትዎ ውስጥ እንደኛው ዓይነት ቴሌስኮፕ ካለ አይጣሉት። ዘንድሮ ጥር ላይ የኛን እንዲህ አዳንነው፦ የሚያባዛውን ቱቦ አወጣን፤ 4 ሚሊሜትሩን ትተን 20 ሚሊሜትሩን ገጠምን፤ 35 እጥፍ ሆነ። እግሮቹን አሳጠርን፤ መሐላቸው ላይ ጠጠር የሞላ ፌስታል አንጠለጠልን። ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ከሚተፋው የበረንዳ ሲሚንቶም ሸሽተን ግቢው ሣር ላይ ወረድን።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን ነው ያየናት። ሙሉ ጨረቃ ጥላ ስለሌላት ጠፍጣፋ ናት፤ በግማሿ ጊዜ ግን ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዱና ተራራው ይቆጠራል። ከመንዝ የመጡት አያቷ ዓይናቸውን አስጠግተው ዝም አሉና «ምነው፣ ፊቷን ፈንጣጣ ወግቷት የለ!» አሉ። በማግስቱ ወደ ጁፒተር አዞርነው። በአንድ መስመር የተሰለፉ አራት ነጥቦች አብረውት ነበሩ። ልጄ ደብተሯ ላይ ሣለቻቸው፤ በነጋታው ማታ ቦታ ቀይረው አገኘቻቸውና ጩኸቷ ጎረቤት ሰማ። ጋሊልዮ በ1610 እ.ኤ.አ. 20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ያያቸው እነዚሁኑ ጨረቃዎች ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቀለም ግን እንደማይታይ ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሩ። ያ ፎቶ ረጅም ሰዓት ብርሃን ያጠራቀመ ካሜራ ያነሳው ነው፤ በዓይን የሚታየው በብርድ ጠዋት መስኮት ላይ እንደሚቀር ትንፋሽ ግራጫ ነገር ነው።

ገንዘቡ ካልደረሰም ባይኖኩላር አይናቅ። 7×50 ወይም 10×50 የተጻፈበት፣ ክርን ግንብ ላይ አስደግፈው ከያዙት፣ የጁፒተርን ጨረቃዎችና ሰባቱ ከዋክብትን ያሳያል። መብራት በጠፋ ማታ ደግሞ ፍኖተ ሐሊብን ይጠርጉበት። መብራት ኃይልን የማመሰግንበት አጋጣሚ ይኼ ብቻ ነው።

በሐምሌ ግን አይግዙ። ልጁ ሦስት ወር ደመና እያየ ይሰለቻል፤ ጥቅምት ይጠብቁ። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ አይወልውሉ፤ ይጫራል። ክረምት ላይ ሻጋታ እንዳያወጣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

አጎቷ ሰሞኑን ደውሎ «አሁንስ ምን ላምጣላት?» አለ። «ባለ 130 መስታወት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፤ ስንት እጥፍ እንደሚል አትይ» አልኩት። «ሻንጣ ይገባል?» ሲለኝ ሜትር ፈልጎ እንዲለካ ነገርኩት። እስካሁን መልስ አልሰጠም፤ ልጄ ግን በየቀኑ «ለካ ወይ?» እያለች ትጠይቀኛለች።