አዲስ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር እንዴት ይሟሻል?

ከካርቶኑ ገና የወጣ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ፕሮፔለሩን በእጅ ሲያዞሩት፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ አንዳንዱማ ሲጥ የሚል ድምፅ ያወጣል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ሞተሩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ሊያላላው የሚሞክርም አለ። አደራ፣ አይንኩት! ኤቢሲ በሚባለው ዓይነት ሞተር ይህ ጥብቀት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የማሟሸቱ ሥራም የሚያተኩረው በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

በኤቢሲ ሞተር ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ካሚቻ ደግሞ ውስጡ ክሮም የተቀባ ናስ ነው። ፋሻ፣ ማለትም የፒስተን ቀለበት፣ የለውም፤ እመቃውን የሚይዘው የሁለቱ ብረቶች ልክክ ብሎ መግጠም ብቻ ነው። ካሚቻው ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ነዳጁ የሚቃጠለው ላይኛው ጫፍ ላይ ስለሆነ በጣም የሚሞቀውና የሚሰፋውም ያ ክፍል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ትክክለኛ ልኩን የሚያገኘው ሲሞቅ ነው። ቀዝቅዞ እንዲሠራ ከተገደደ ፒስተኑ በደቂቃ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ከጠባቡ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፤ ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ቢየላም አብሮ ይጎዳል።

ከድሮ ጀምሮ የሚነገረው ምክር ግን «ነዳጅ አብዝተህ፣ ሳታሞቀው፣ ረጅም ጊዜ አሠራው» የሚል ነው። ምክሩ ለብረት ፒስተንና ፋሻ ላለው ሞተር ትክክል ነው፤ እዚያ ፋሻውና ግድግዳው ቀስ በቀስ ተፋትገው መላመድ አለባቸው፤ የተትረፈረፈው ነዳጅና ዘይትም ሙቀቱንና የብረቱን ብናኝ ይዞ ይወጣል። ያንኑ ምክር ለኤቢሲ ማዋል አዲሱን ሞተር ሳይበር ማስረጀት ነው። ስለዚህ ነዳጅ ከመቅዳትዎ በፊት የሞተሩን ዓይነት ከመመሪያው ያረጋግጡ።

ነዳጁ ቤንዚን አይደለም፤ ሜታኖል፣ ዘይትና ጥቂት ናይትሮሜቴን ነው። እነዚህ ባለሁለት ምት ሞተሮች የዘይት ቋት ስለሌላቸው ቅባት የሚያገኙት ከነዳጁ ጋር ከተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። ለማሟሻ ከ18 እስከ 20 በመቶ ዘይት ያለው፣ ከዘይቱም ከፊሉ የጉሎ ዘይት የሆነ ነዳጅ ይመረጣል፤ የጉሎ ዘይት በከፍተኛ ሙቀትም ብረቱን አይለቅምና። ካንዴላው የፕላቲነም ሽቦ ያለው ነው። ለማስነሻ በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ ፕላቲነሙ ከሜታኖሉ ጋር የሚፈጥረው ምላሽና የእመቃው ሙቀት እንደጋለ ያቆዩታል። አሜሪካዊው ሬይ አርደን ይህን ካንዴላ በ1947 ለገበያ ካቀረበ በኋላ ትንንሾቹ ሞተሮች የብልጭታ መጠምጠሚያና ባትሪ ተሸክመው ከመብረር ተገላግለዋል። ሜታኖል መርዝ መሆኑንና ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን እንደማይታይ ግን አይርሱ።

ሞተሩን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በቡሎን አጥብቀው ይሰሩ። ቦታው አቧራ የሌለበት ይሁን፤ ካርቡራተሩ ብዙ ጊዜ ማጣሪያ ስለሌለው የሳበው አቧራ በቀጥታ ፒስተኑ ዘንድ ይደርሳል። 7.5 ሲሲ ሞተር በተለምዶ 11 በ6 ኢንች ፕሮፔለር የሚያዞር ከሆነ ለማሟሻ 10 በ6 ይግጠሙለት፤ ሸክሙ ቀለል ይልለታል። በጣም ጥብቅ ከሆነ ከማስነሳትዎ በፊት ሲሊንደሩን በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት። ሲነሳ ከፕሮፔለሩ ጎንም ፊትም አይቁሙ፤ ቦታዎ ከኋላው ነው።

ከዚህ በኋላ ጆሮ ነው የሚሠራው። ነዳጅ ሲበዛበት ድምፁ ወፍራምና የሚንተባተብ ይሆናል፤ ነዳጁን የሚመጥነውን የካርቡራተር መርፌ ሲያጠብቡት ቀጥኖ ይጮኻል። ኤቢሲው እንደተነሳ ወዲያው ወደ ቀጭኑ ድምፅ ያድርሱትና፣ መርፌውን ትንሽ መልሰው በሁለቱ ድምፆች መካከል እንዲዋልል ያድርጉት። አንድ ሁለት ደቂቃ ከሠራ ያጥፉት። ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው ሲሊንደሩ እጅ እስኪያስነካ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ከዚያ ይድገሙት፤ በየዙሩ ጊዜውን ትንሽ ያርዝሙ፣ ነዳጁን ትንሽ ይቀንሱ። የሚያሟሸው ይህ መሞቅና መቀዝቀዝ ነው፤ ትዕግሥት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ባለ ፋሻው ግን የመጀመሪያውን ታንክ በወፍራሙ ድምፅ ይጨርስ፤ ወደ ቀጭኑ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው።

በአዲስ አበባ የሚያስነሳ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ለቆላ አየር ታስቦ «መርፌውን ይህን ያህል ዙር ክፈት» የተባለው እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩም ቀዝቅዞ ይሠራል። ለኤቢሲ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ስለዚህ ከተጻፈው ጠበብ አድርገው ድምፁን ይከተሉ።

ሙሉ ጉልበት ሰጥተውት፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ ፍጥነቱ ሳይወርድ ከቆየ ሞተሩ ለመብረር ደርሷል። እየሞቀ ሲሄድ ፍጥነቱ ከወረደ ገና ነው፤ መርፌውን ከፍተው ጥቂት የማሟሻ ዙር ይጨምሩለት። የመጀመሪያዎቹን በረራዎችም ነዳጁን በትንሹ አብዝተው ያብርሩት። የዕለቱ ሥራ ሲያበቃ ነዳጁን ከታንኩ ያውጡና የቀረውን በሞተሩ ያስጨርሱት፤ ሜታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ኩሽኔታውን ያዝጋል። ከዚያ በካርቡራተሩና በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ የማቆያ ዘይት ጨምረው ፕሮፔለሩን በእጅ ጥቂት ዙር ያዙሩት።