አንድ ሰው እንደ ባንድ፦ ድምፅን እየደራረቡ የመጫወት ጥበብ

እ.ኤ.አ. በ2004 ስኮትላንዳዊቷ ድምፃዊት ኬቲ ተንስታል በቢቢሲ ቴሌቪዥን የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ጊታሯን ይዛ ብቻዋን ቀረበች። አጃቢ አልነበራትም። ያሰማችውን ምት እግሯ ሥር የነበረው ትንሽ መሣሪያ ቀድቶ ይደጋግመው ጀመር፤ እርሷም በላዩ ላይ ድምፅ እየጨመረች ዘፈኑን ተጫወተች። እስከዚያ ምሽት ብዙም የማትታወቀው ድምፃዊት ከዚያ በኋላ ስሟ ገነነ።

የዚህ አጨዋወት መሠረት ለማንኛውም የደጋ እረኛ እንግዳ አይደለም፤ የገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 170 ሜትር ከሚርቅ ገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁን ከአንድ ሰከንድ በኋላ መልሶ ይሰማዋል። ዲሌይ ፔዳል የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ በኤሌክትሮኒክስ ይሠራል፤ ማሚቶው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚመለስ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገምና ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ሉፐር ደግሞ የተቀዳውን ሐረግ ተጫዋቹ እስኪያስቆመው ድረስ ሳያደክም ይደግመዋል።

ሐሳቡ ከፔዳሎቹ ይቀድማል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ቴሪ ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1963 ፓሪስ ውስጥ አንድን የቴፕ ክር በሁለት መቅረጸ ድምፆች መካከል ዘርግቶ ተጠቅሟል። አንደኛው ይቀዳል፤ ሁለተኛው ያሰማል፤ የተሰማውም ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና ይቀዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የማሚቶውን ጊዜ ይወስናል።

ዛሬ ተጫዋቹን የሚፈትነው ዋናው ጉዳይ የመሣሪያዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ከሉፐሩ በፊት የተገጠመ ዲሌይ ማሚቶው ከዜማው ጋር አብሮ ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ከሉፐሩ በኋላ ከተገጠመ ግን በማንኛውም ጊዜ ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል፤ ነገር ግን ምቱንም ዜማውንም በአንድነት ስለሚነካ ድምፁ በቀላሉ ይደበላለቃል። በመሆኑም ለአንድ ዜማ ብቻ የተፈለገውን ዲሌይ ከፊት፣ ሁሉንም የሚያለብሰውን ቀለል ያለ ሪቨርብ ከኋላ ማድረግ የተሻለ ነው። ሁለት ዲሌይ በተከታታይ ሲገጠም ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ቢደግም አንዷ ድምፅ 16 ትሆናለች።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በደቂቃ 100 ምት ለሚሄድ ዘፈን 60,000 ሚሊ ሰከንድ ለ100 ሲካፈል አንዱ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ዲሌዩ በ600 ወይም በግማሹ በ300 ከተስተካከለ ማሚቶው ከምቱ ጋር ይገጥማል። እንደ ችክችካ ምቱ በሦስት ለሚከፈል ስልት ግን የሚስማማው 200 ነው። በማይክሮፎን ወይም በድምፅ መቀበያ ለሚጫወት ባለ ክራርም ስሌቱ ያው ነው።

ሐረጉ የሚዘጋበት ቅጽበትም ወሳኝ ነው። ፔዳሉ መረገጥ ያለበት ሐረጉ አልቆ አዲሱ ዙር በሚጀምርበት የመጀመሪያ ምት ላይ ነው። ጥቂት ቢዘገይ በየዙሩ መጨረሻ ክፍተት ይፈጠራል፤ ስሕተቱም እንደ ዜማው ሁሉ እየተደጋገመ ይሰማል። ከሉፐሩ በፊት ዲሌይ ካለ የመጨረሻው ማሚቶ ሳያልቅ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ለተጨማሪ አንድ ዙር መቅዳቱን መቀጠል ጅራቱን በሐረጉ መጀመሪያ ላይ ያስገባዋል።

የመጀመሪያው ሐረግ የቤት መሠረት ነው፤ ከተንጋደደ በላዩ የሚቆመው ሁሉ ይንጋደዳል። ስለዚህ ጀማሪ ተጫዋች በመድረክ ላይ ድምፅ ከማብዛቱ በፊት አንድ ዲሌይና አንድ ሉፐር ይዞ፣ አጭር ሐረግ በትክክለኛው ምት ላይ መዝጋትን በቤቱ ቢለማመድ ይጠቀማል።