ዘመድ በሌለበት ቆላ

መተማ በተባለ ጊዜ የኢትዮጵያ ሰው ልብ አስቀድሞ የሚያርፈው በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው በወደቁበት ሜዳ ላይ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ሰሊጡንና ጥጡን፣ ከገላባት ማዶ የሚመጣውንም ሸቀጥ ያስባል። ይህ በር የአእምሮን ደዌ ለመረዳት በተደረገው ምርምር ታሪክ ውስጥም ስፍራ እንዳለው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የምርምር ልዑክ እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በገላባትና በመተማ በኩል ሲሆን፣ የልዑኩ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ከደረሰ በኋላ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት፣ በዛር አዋቂነታቸው ከታወቁት ከመልካም አያሁ ቤት ለወራት እየተመላለሰ ያየውንና የሰማውን ይመዘግብ ነበር። በዚያው ዓመት ኖርዌያዊው ሐኪም ኦርኑልቭ ኦዴጋርድ ከአገራቸው ወጥተው በአሜሪካ በሚኒሶታ የሰፈሩ ኖርዌያውያን ስላገኛቸው የአእምሮ ሕመም ያጠናውን መጽሐፍ አሳተመ። የአንደኛው ጥናት ሰው በወገኑ መካከል ሳለ መንፈሱ ሲታወክ የሚሆነውን፣ የሁለተኛው ደግሞ ከወገኑ ተለይቶ ሲታመም የሚያገኘውን የሚመለከት ነበረ፤ መተማ ያለበት የምዕራብ ጎንደር ቆላም እስከ ዛሬ የዚህ የሁለተኛው ጥያቄ አገር ነው።

በእርግጥ ዛርና ሐኪሞች ሳይኮሲስ የሚሉት ደዌ አንድ አይደሉም። ዛር በከበሮና በቡና ተጠርቶ ይመጣል፣ የጠየቀው ሲሰጠው ይመለሳል፣ ባለዛሩም ወደ ዕለት ሥራው ይገባል፤ ሳይኮሲስ የያዘው ሰው ግን ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሳይጠራው ይሰማል፣ ማንም የማይጋራውን ጥርጣሬ እንደ እውነት ይይዛል፣ ንግግሩ ይበታተናል፣ ከሰውም ይሸሻል። ይሁን እንጂ ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በጎንደር ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲያወጣ እንደ ገለጸው፣ የዛር ቤት ለተጨነቀው ሰው ማኅበር ይሰጠዋል፤ ሕመሙ ስም ያገኛል፣ ራሱም የሚጠብቀውና የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። የሥነ ልቡና ሊቃውንት በኋላ በሌላ መንገድ የደረሱበት ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የእንግሊዙ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን ተከታትለው፣ ዘለፋና ቁጣ ወደ በዛበት ቤት የተመለሰው ሰው ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽበት ደርሰውበታልና።

ኦዴጋርድ በበኩሉ በሚኒሶታ የሰፈሩት ኖርዌያውያን በአገራቸው ከቀሩት ይልቅ እጥፍ በሚሆን መጠን ከሳይኮሲስ ወገን በሆነው በስኪዞፍሬንያ ወደ ሆስፒታል ይገቡ እንደ ነበረ ተመልክቶ፣ ምክንያቱ አስቀድሞ ለደዌው የተጋለጠው ሰው ለስደት መቸኮሉ ይሆናል ብሎ ነበር። በኋላ ግን በሌላ አገር የተደረጉ ጥናቶች በስደት ምድር የተወለዱት ልጆች እንኳ ለደዌው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ስላሳዩ፣ ሊቃውንቱ ፊታቸውን ወደ መናቅ፣ ወደ መገለልና ወደ ብቸኝነት መለሱ። ይህም ነገር ለጎንደር ባዕድ አይደለም። በዘመነ ደርግ ብዙ የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች፣ ይልቁንም በኡም ራኩባ ከተጠለሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል፤ በመንገድና በሰፈር የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ከስደተኞች ልጆች ሁሉ ለስኪዞፍሬንያ ይበልጥ ተጋልጠው የተገኙት ከኢትዮጵያ የመጡት ሲሆኑ፣ መጠኑም ከአገሬው ልጆች ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነበረ።

በአገራችን ውስጥ የተደረገው ታላቅ ምርምር ደግሞ የቡታጅራው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ቤት በነበረበት ሁኔታ፣ እነ ዶክተር አታላይ ዓለም ሕመምተኛውን በሆስፒታል ደጅ ከመጠበቅ ይልቅ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎችን አስጠየቁ። የተገኙት ሕሙማን አብዛኞቹ መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ነበሩ። በድሃ አገር ስኪዞፍሬንያ በራሱ ቶሎ ይድናል የሚለውንም የቆየ ተስፋ ክትትሉ አጠበበው፤ ሦስት ዓመት ከሚያልፍ ጊዜ በኋላ ሲታይ ከሦስቱ አንዱ ያህል ያለ ፋታ ታምሞ የኖረ ሲሆን፣ ፈጽሞ የተሻላቸው ከመቶ ስድስት አይሞሉም ነበር። በ10 ዓመት ውስጥ የሞቱትም ከእኩዮቻቸው ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው እንደ ሞቱ ታወቀ፤ ከገዳዮቹም ዋናው ተላላፊ በሽታ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ምርምር ፈውሱን በቅርብ መፈለግ ሆነ። በሶዶ ወረዳ ከሕመምተኛው መንደር የተመለመሉ ሠራተኞች ስለ መድኃኒቱ እየመከሩ፣ ቤተ ሰቡን እያስማሙ፣ ሰውየውን ወደ ማሳውና ወደ ዕድሩ እየመለሱ ሲረዱት ከሕክምናው ብቻ ይልቅ እንደሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል። በወንጌል እንደ ተጻፈው፣ በጌርጌሴኖን መቃብር ሰንሰለት ይበጥስ የነበረው ሰውም በተፈወሰ ጊዜ የታዘዘው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነበረ።

እንግዲህ የቡታጅራውና የሶዶው ትምህርት ሁሉ ቤትን መሠረት አድርጎ የቆመ ሲሆን፣ መተማ ግን ብዙው ሰው ከቤቱ ርቆ የሚያድርበት አገር ነው። ሰሊጡ ፍሬው ሳይረግፍ መታጨድ ስላለበት በመስከረምና በጥቅምት ከጎጃምና ከወሎ፣ ከጎንደርም ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ቍጥር ስፍር የለውም፤ ሳሉግ የሚባሉት ደግሞ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወሩ በዚያው በቆላው ዓመታትን ያሳልፋሉ። በላስቲክ ዳስ ካደሩት መካከል አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን መናገር፣ በጓደኞቹም ላይ መነሣት ሲጀምር «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ይባላል፤ ይህም ሁልጊዜ አላዋቂነት አይደለም፤ ወደ አንጎል የወጣ ወባ ሰውን እንዲሁ ያስቃዣልና አስተዋይ የጤና ባለሙያ አስቀድሞ ደሙን ይመረምራል። ደሙ ንጹሕ ሲሆን ግን ችግሩ ይጀምራል። ሐኪሙ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቅ እንደ ሆነ፣ በዘሩ ይህ ደዌ ይኖር እንደ ሆነ፣ አረቄ ይጠጣ እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ ተሸክመውት የመጡት ጓደኞቹ ከቅጽል ስሙ በቀር የአባቱን ስም እንኳ አያውቁም። በየወሩ የሚወጋ መርፌ ቢታዘዝለት አዝመራው ሲያልቅ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግር የለም። ካቦው የሠራበትን ሒሳብ ያስብለታል፣ ደግ ሰው ቢገኝ መኪና ላይ ያሳፍረዋል፤ ያለዚያ ዕጣው ጎዳና ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚሁ በር ገብተው በኩመርና በአውላላ ሰፍረው የነበሩት ስደተኞችም፣ ቤተ ሰብ የተበተነባቸው እንደ መሆናቸው፣ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ለዚህ አገር የሚያስፈልገው ምርምር የሶዶውን ሥራ እንዳለ የሚገለብጥ ሳይሆን፣ ዘመድ በሌለበት የዘመድን ግዳጅ ማን እንደሚፈጽም የሚፈትን መሆን አለበት። ሠራተኛው ሲቀጠር የቅርብ ዘመዱ ስምና ስልክ ከደመወዙ መዝገብ ጋር ቢጻፍ፣ ካቦው ሰንሰለት ከመፈለጉ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መላክን ቢማር፣ ጠበል የሚያጠምቁት ካህናት መድኃኒቱ ከጸሎቱ ጋር እንደማይጣላ ለምእመኑ ቢመክሩ፣ በመተማ ወረዳ ያለችው የገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም የጻፈውም ወረቀት ሕመምተኛው ወደ ተወለደበት ወረዳ ቢከተለው፣ ይህ ሁሉ ታላቅ ሆስፒታል እስኪሠራ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። ግዳጁም አስቀድሞ የሚወድቀው በዚያ ሰው ጉልበት ሰሊጡን አሳጭዶ በሚያተርፈው ባለ እርሻ ላይ ነው፤ በአዝመራ ወራት ከዘመዱ ወስዶት ሳለ፣ በታመመ ጊዜ ዘመዱ ይፈልገው ማለት አይገባውምና።