ዘር በሚዘራበት ሳምንት የሚዘጋ ሒሳብ

የሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ለሰብል ተመራማሪ የዓመቱ ወሳኝ ጊዜ ነው። ክረምቱ ገብቷል፣ የሙከራ ማሳው ለስልሷል፣ የጤፉ መደብ እየተዘጋጀ ነው። የቀን ሠራተኛ መቅጠር፣ ማዳበሪያ ማጓጓዝ፣ መኪና በየወረዳው ማሰማራት ያስፈልጋል። በዚያው ሳምንት የዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ክፍል ሒሳብ እየዘጋ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚያበቃ፣ በተመራማሪው እጅ ያለ ቅድመ ክፍያ መወራረድ፣ ያልተሠራበት ገንዘብም ወደ ግምጃ ቤት መመለስ አለበት። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ቢጀምርም ተደልድሎ ትምህርት ክፍሎች ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ መስከረም ይጠባል። ያኔ ዝናቡ ወጥቷል። ለሰብል ምርምር ሰኔና ሰኞ የሚገጥመው በየዓመቱ ነው።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ገንዘብ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ስለ መጠኑ ይሆናል። መጠኑ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የተገኘውም ጥቂት ገንዘብ ሥራ ላይ እንዳይውል የሚያደርገው አሰጣጡ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙም አይነሳም።

መጠኑን ለማስቀደም ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ መንግሥት ከአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶውን ለዘርፉ እንዲመድብ ይላል። የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1980 በሌጎስ የድርጊት መርሐ ግብር፣ ኋላም በ2007 በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ፣ 1 በመቶ ለማዋል ቃል ገብተዋል። የዩኔስኮ አኃዝ እንደሚያሳየው የኢትዮጵያ የምርምርና ልማት ወጪ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 0.6 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ2017 ግን 0.27 በመቶ ላይ ተገኘ። ይህም የግብርና ምርምር ተቋማትንና ሌሎችን ሁሉ አካትቶ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የሚካፈሉት ከዚሁ ላይ ነው።

የሚካፈሉትም በዝተዋል። ከ30 ዓመት በፊት አዲስ አበባና ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው መማሪያ ክፍል፣ ማደሪያና የተማሪ ምግብ ነው። ይህ አስቸኳይ ነው፣ ለነገ አይባልም። ምርምር ግን ለነገ ይባላል፤ ለነገ የተባለው ደግሞ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይሆናል።

ሕጉ ይህን ችግር ድሮ አይቶት ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ለዩኒቨርሲቲዎች በጀት በጥቅል እንዲሰጥና ተቋማቱ በሚያስፈልጋቸው ሥራ ላይ እንዲያውሉት መንገድ ከፍቶ ነበር። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 650ም ሐሳቡን ደገመው። በተግባር ግን በጀቱ እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በሒሳብ መደብ ተሸንሽኖ መምጣቱን ቀጠለ፤ ለነዳጅ ይህን ያህል፣ ለውሎ አበል ያን ያህል፣ ለአላቂ ዕቃ ደግሞ ይህን። የመስክ ሥራው አጥሮ የላቦራቶሪው ሥራ ቢረዝም ገንዘቡን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ለማዛወር ደብዳቤ ይጻፋል፣ ፈቃድ ይጠበቃል።

ይህ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ በኢንዛይም ግዥ ማየት ይቻላል። ለዘረመል ምርመራ የሚያገለግል ኢንዛይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ተመራማሪው ዝርዝር መግለጫ ያወጣል፣ ጥያቄው ወደ ግዥ ክፍል ይሄዳል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል ወይም ጨረታ ይወጣል። አቅራቢው የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቃል። ዕቃው ቦሌ ደርሶ ጉምሩክ ላይ ቢቆይ በረዶው ይቀልጣል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲገባም በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ መደረግ አለበት፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በዚያ ቀን ከሌለ ካርቶኑ በር ላይ ይውላል። የግዥ ሕጉ ይህን ሲደነግግ ወንበርና ኮምፒውተርን አስቦ እንደሆነ ግልጽ ነው። ወንበር ሦስት ወር ቢዘገይ ወንበርነቱን አያጣም።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ለውጥ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር የጸደቀ የምርምር ፕሮጀክት፣ ኬሚካሉ የሚገዛው በዶላር ነውና፣ አንዲት ገጽ ሳይቀየር ግማሽ አቅሙን አጣ።

የገንዘብ ሚኒስቴር ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤቱ በሚያቀርበው ሪፖርት ያልተወራረደ ሒሳብና ከግዥ ሕግ ውጭ የተፈጸመ ክፍያ ከሚያነሳባቸው ተቋማት መካከል ዩኒቨርሲቲዎች ደጋግመው ይገኛሉ። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ሊጠየቁበት ይገባል። ሆኖም ቁጥጥሩ የሚያየው ደረሰኙን ነው። ከማሳው ላይ አረም ያረመች ሴት ደረሰኝ ለምን እንደሌላት ይጠይቃል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚያ ማሳ ምን ዓይነት ዘር እንደተገኘ አይጠይቅም። ውጤትን ያልጠየቀ ቁጥጥር ገንዘቡንም ምርምሩንም በአግባቡ ጠበቀ ለማለት ይከብዳል።

የተሻለ አሠራር እዚሁ አገር ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ባንክ በምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ ለሚገኙ 24 የልህቀት ማዕከላት ገንዘብ ሲያቀርብ አራቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመድኃኒት ልማት፣ በውኃ አስተዳደርና በባቡር ምሕንድስና፣ በሐረማያ ደግሞ በአየር ንብረትና በብዝኃ ሕይወት ላይ የሚሠሩት ናቸው። ስምምነቱ የበርካታ ዓመት ነበር፤ ገንዘቡም የሚለቀቀው በውጤት ነው፣ በሠለጠኑ የዶክትሬትና የማስተርስ ተማሪዎች፣ በታተመ ጥናት፣ ማዕከሉ ራሱ ባመጣው ገቢ። ተመራማሪዎቹ ያው የምናውቃቸው ናቸው፣ ግቢውም ያው ነው። የተለየው የገንዘቡ ጠባይ ነበር። በውጭ ገንዘብ የተቻለው በአገር ገንዘብ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

በውጭ ገንዘብ ላይ መደገፉ ግን የራሱ ዋጋ አለው። ስዊድን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ምርምር ስትደግፍ ኖራለች፤ የቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ከመቀሌ ጋር በ2003፣ ከጅማ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. የረጅም ጊዜ ትብብር ጀምረዋል። ብዙ የዛሬ ፕሮፌሰሮች የተማሩት በዚህ ነው፣ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ሰጪው ፊቱን ያዞረ ቀን ምርምሩም ይቆማል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተጣምረው ይሠሩ የነበሩ የግብርና ምርምር ፕሮግራሞች ገንዘብ ተቋርጧል። ያን ውሳኔ የሰጠ አካል ለኢትዮጵያ ገበሬ ተጠሪ አይደለም።

የራስ ገንዘብ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ከአክሊሉ ለማ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። ወጣቱ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አንዷን ሴት የእንዶዱን አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ውኃ እንድታፈስ ጠየቃት፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ይህ ግኝት ምንም አላስወጣም። በአካባቢው ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ በትንንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ገንዘብ የሚፈልግ ሆነ። እንዶዱ በስፋት እንዲሠራበት ለሰውና ለእንስሳት አለመጉዳቱ ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ መረጋገጥ ነበረበት፤ ይህን የሚሸከም በጀት አገር ውስጥ አልነበረም። ምርመራው የተጠናቀቀው በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፣ ከግኝቱ ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ። በመካከሉ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎለኞችን ለማጥፋት እንዶድን አጠና። አክሊሉ ራሱ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆኖ ቢመዘገብም የባለቤትነት መብቱ የዋለው በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ በዓመት አይቆረጥም። ደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የምርምር ፋውንዴሽን አቋቁማለች፤ ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ሕጓ ብሔራዊ የምርምር ፈንድ መሥርታለች። ኬንያም ያቀደችውን ያህል ገንዘብ አልመደበችም፤ ቢያንስ ግን ተመራማሪ የሚያንኳኳው በር ታወቀ። በኢትዮጵያ የበሩ አድራሻ ደጋግሞ ተቀይሯል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ኋላ ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ሥራው ለሁለት ተከፍሎ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተፈጠረ፤ በ2014 ይኸው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃለለ። የአምስት ዓመት ፕሮጀክት የያዘ ተመራማሪ በመካከሉ ሁለት ሦስት ዓይነት ማኅተም ያይ ነበር።

አሁን የተጀመረው መንገድ ራስ ገዝነት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ገቢያቸውንና ሠራተኛቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩበትን ሥርዓት ዘረጋ፣ የመጀመሪያው ራስ ገዝም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በሒሳብ መደብ ከመታሰር ነጻ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። አደጋውም መታየት አለበት። ዩኒቨርሲቲው ገቢውን ራሱ ሲፈልግ ክፍያ የሚያመጣው ትምህርትና የማማከር ሥራ ይቀድማል። በቢልሃርዚያ የሚጠቃ የወንዝ ዳር ልጅ ለማንም ክፍያ አይከፍልም፤ የእሱን ምርምር የሚከፍለው የሕዝብ ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ ራስ ገዝነቱ ሲሰፋ፣ ሰኔ 30 የማይዘጋ፣ በውድድርና በውጤት የሚሰጥ የብዙ ዓመት የምርምር ፈንድ ጎን ለጎን መቆም ይኖርበታል።

የፌዴራል በጀት በየዓመቱ ሰኔ ውስጥ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል። የምክር ቤት አባላት ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃሉ፣ ተገቢም ነው። በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ስለተለዩት ስምንቱ ተቋማትም ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ባለፈው ዓመት ለምርምር ስንት ተመደበ፣ ስንቱ በየትኛው ወር እጃቸው ገባ፣ ስንቱስ ሳይሠራበት ወደ ግምጃ ቤት ተመለሰ። ቁጥሮቹ በገንዘብ ሚኒስቴር መዝገብ አሉ።