ኮፖሊያ፦ ከነልጆችዎ የሚወጧት የደሴት ተራራ

የኮፖሊያ ከፍታ 497 ሜትር ብቻ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተኝቶ ለሚነሣ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ቁጥር ፈገግ ያሰኛል። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጥቶ የሚመለስ ቤተሰብማ «ይህ ተራራ ሳይሆን ጉብታ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና በሲሸልስ ትልቋ ደሴት በማሄ የምትገኘው ይህች ተራራ እንግዳዋን የምትፈትነው በከፍታዋ አይደለም። የምትፈትነው በወበቋ፣ በዝናቧና በሚያዳልጠው ድንጋይዋ ነው። ደግነቱ ሦስቱም አስቀድሞ በማቀድ የሚቃለሉ ናቸው። ልጆችዎ የመጀመሪያውን የተራራ ጉዟቸውን ወደውት ወይም ጠልተውት የሚመለሱትም በአብዛኛው እርስዎ ቀደም ብለው በወሰኗቸው ጥቂት ነገሮች ምክንያት ነው።

ለምን ኮፖሊያ?

ማሄ ርዝመቷ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መሐሏ በተራራ የተሞላ ደሴት ናት። ከፍተኛው ጫፍ ሞርን ሲሸልዋ 905 ሜትር ሲሆን፣ መንገዱ ረጅምና አስቸጋሪ ስለሆነ ለጀማሪ አይመከርም። 667 ሜትር ከፍታ ያለው ሞርን ብላንም የሚያምር እይታ አለው፤ ነገር ግን ዳገቱ ከጅምሩ ትንፋሽ አይሰጥም። ኮፖሊያ ከሁለቱም የዋህ ናት። የእግር መንገዱ የሚጀምረው ከባሕሩ ዳር ሳይሆን ዋና ከተማዋን ቪክቶሪያን ከምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ጋር ከሚያገናኘው ጠመዝማዛው የሳን ሱሲ አስፋልት ላይ ነው፤ ግማሹን ዳገት መኪናው ይወጣልዎታል ማለት ነው። ከዚያ እስከ ጫፍ ያለው የእግር መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ የሆነና ደረጃ መውጣት የማይሰለቸው ልጅ በእርጋታ ይወጣዋል። በአንቀልባ የሚታዘል ሕፃን ካለ ግን አንዱ ወላጅ ከእሱ ጋር ባሕር ዳር ቢቀር ይሻላል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ሕፃን ያዘለ ሰው ሚዛኑ ሲዛባ የሚወድቀው ብቻውን አይደለም።

ከቤት ሳይወጡ

በወቅቱ በኩል ዕድለኞች ነን። የደሴቲቱ ደረቅና ነፋሻማ ጊዜ ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ ሲሆን፣ ይህም የእኛ ልጆች የክረምት ዕረፍት ላይ የሚሆኑበት ነው። እኛ ጃንጥላ ይዘን ስንወጣ እነሱ ዘንድ ዝናቡ ይቀንሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መባቻ ያለው ጊዜ ግን ዝናብ የሚበረታበት ስለሆነ ተራራ ለመውጣት ካሰቡ ይሽሹት። በደረቁ ወቅት ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ በዚያ አቅጣጫ ያሉትን የባሕር ዳርቻዎች ስለሚያናውጥ፣ ልጆች እንዲዋኙ ከፈለጉ ማረፊያዎን እንደ ቦ ቫሎን ባሉ የሰሜን ምዕራብ ዳርቻዎች ይምረጡ።

ሲሸልስ ከየትኛውም አገር ለሚመጣ ጎብኚ አስቀድሞ ቪዛ አትጠይቅም። ነገር ግን ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ አለ። ለእኛ ከዚህ የሚብሰው ቢጫው ካርድ ነው፤ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትመደብ የክትባት ማረጋገጫ ይጠየቃሉ። ማረጋገጫው ዋጋ የሚኖረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ትኬት በተቆረጠ ማግስት የሁሉንም የቤተሰብ አባል ካርድ አውጥተው ይመልከቱ። ያልተከተበ ልጅ ካለ የጉዞው ሳምንት እስኪደርስ አይጠብቁ።

ልምምዱን እዚሁ ይጀምሩ። ከጉዞው በፊት ባሉት አራትና አምስት ቅዳሜዎች ልጆችን ወደ እንጦጦ ወይም ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይውሰዱ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ዳገትና ቁልቁለት ይራመዱ። ልጆቹ የሚለብሱት በዚያ ቀን የሚያደርጉት ጫማ ይሁን። አዲስ ጫማ እግር የሚልጠው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ከዚህ ልምምድ የሚያገኙት ትልቁ ቁም ነገር ከልጆችዎ ቀርፋፋው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ዕቅድዎን የሚያወጡት በእሱ እርምጃ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

በደረሱ ማግስት አይውጡ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን በጥላና በባሕር ያሳልፉ፤ ሰውነት ለሙቀቱ ጥቂትም ቢሆን ይለማመድ። የመጨረሻውን ቀንም ለተራራው አይስጡት። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ከጣለ ጉዞውን ወደ ሌላ ቀን ማሻገር ይኖርብዎታልና በቆይታዎ መካከል ሁለት ነፃ ጠዋቶች ይያዙ። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ዝናብ እያየ ይወጣል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በደሴቲቱ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት አካባቢ ነው። የማሄ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ ስልክዎ መስተካከሉን ያረጋግጡ። በደሴቲቱ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ላይ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ይገኙ፤ ስልክዎ 7:00 ይላል። ከልጆች ጋር ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጫፍ ላይ ለማረፍ ግማሽ ሰዓት፣ ለመውረድ ሌላ አንድ ሰዓት ከሩብ ይመድቡ። ፀሐይዋ ከመበርታቷ በፊት ወደ መኪናው ይመለሳሉ። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ዋናውን ምግብ ሲመለሱ ይደርሱበታል።

ወበቁ ምን ያደርጋል?

ደጋ ላይ ያደገ ሰው ባሕር ጠለል አካባቢ ሲወርድ ሳንባው ይደላዋል፤ ኦክስጅኑ ብዙ ነው። ፈተናው ሌላ ነው። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ከቆዳችን ላይ ሲተን ነው። በደረቁ የአዲስ አበባ አየር ላቡ ሳናየው ይተናል። እርጥበት በሞላበት የማሄ ደን ውስጥ ግን አየሩ ራሱ ውኃ ስለጠገበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ ቶሎ አይተንም። ልብ ደምን ወደ ጡንቻም ወደ ቆዳም ለመላክ ሁለት ሥራ ይሠራል። ለዚህ ነው እንጦጦን በቀላሉ የሚወጣ ጎልማሳ እዚህ ሃያ ደቂቃ ሳይሄድ ሸሚዙ የሚጠመቀው።

ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ያነሰ ስለሚያልባቸው ሙቀቱ ቶሎ ያይልባቸዋል፤ ሲደክማቸውም ሁልጊዜ አይናገሩም። ሲጮህ የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ካለ፣ ራሱን ካመመው፣ ካጥወለወለው ወይም እግሩ ከተሳሰረ ጉዞውን ያቁሙ። ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ አንገቱንና ራሱን በውኃ ያርጥቡ፤ ያራግቡለት፤ ውኃ ጥቂት በጥቂት ያጠጡት። ከተሻለው በኋላም ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሂዱ። ንግግሩ ከተምታታ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ግን ማቀዝቀዙን ሳያቋርጡ ወዲያውኑ አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል። የድንገተኛ ጊዜ ስልክ ቁጥሩን ከማረፊያዎ ሳይወጡ ጠይቀው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

ቦርሳው ውስጥ

ለአንድ አዋቂ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር፣ ለአንድ ልጅ አንድ ሊትር ውኃ ይያዙ። ጥም ሳይጠብቁ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ሁለት ሦስት ጊዜ መጎንጨት ይበቃል። ከፋርማሲ የሚገዛ አንድ ሁለት እሽግ ኦአርኤስ ቦርሳዎ ውስጥ ቢኖር አይከብድም። ሲሸልስ ፍራፍሬ፣ ሥጋና ዘር በሚያስገቡ መንገደኞች ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ስላላት መክሰሱን እዚያው ይግዙ፤ ሙዝ፣ ብስኩትና ጨው ያለው ለውዝ ጥሩ ነው።

ጫማው ሶሉ ቆንጣጭ የሆነ ስኒከር ወይም የተራራ ጫማ ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ለባሕሩ ይቆይ። ልብሱ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ነገር ቢሆን ይመረጣል፤ ጂንስ ከረጠበ ይከብዳል። ኮፍያ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የትንኝ ማባረሪያ ቅባት፣ ስስ የዝናብ ልብስ፣ ፕላስተር፣ ትንሽ ፎጣ፣ ይኸው ነው። በሲሸልስ ወባ የለም፤ ዴንጊ ግን አልፎ አልፎ ስለሚከሰት ቅባቱን አይርሱ። ለመንገዱ የመግቢያ ክፍያ ስላለ የአገሩን ገንዘብ ሩፒ ይያዙ። መኪና ተከራይተው ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ያስታውሱ፦ በደሴቲቱ የሚነዳው በግራ ነው፤ መኪና ውስጥም የሚታይ ዕቃ አይተዉ።

መንገዱ ላይ

የመጀመሪያው ክፍል በደን ጥላ ውስጥ ያልፋል። ከዛፎቹ ብዙዎቹ የቀረፋ ዛፎች ናቸው፤ ፈረንሳዮች በ18ኛው መቶ ዘመን ለቅመም ንግድ አምጥተው የተከሏቸው፣ ወፎች ዘራቸውን በትነው ደሴቲቱን ያለበሷቸው። የወደቀ ቅጠል አንሥተው ለልጅዎ በእጁ እንዲያሽ ይስጡት፤ የሻያችንን ሽታ ያገኘዋል። በማሄ ከፍተኛ ደኖች ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ እንቁራሪት አለች። መሐከለኛ ጆሮ የላትም፤ ሳይንቲስቶች በ2013 እንደደረሱበት ድምፅ የምትሰማው በአፏ ክፍተት አማካይነት ነው። ልጆች እሷን ሲፈልጉ ዳገቱን ይረሱታል።

የዛፍ ሥሮች እንደ ደረጃ ያገለግላሉ፤ ሲረጥቡ ግን እንደ ሳሙና ናቸው። ልጁ ከፊት፣ አዋቂው ከኋላ ሆኖ ይውጣ፤ ሲወርዱ አዋቂው ይቅደም። ከመንገዱ ዳር ቁጥቋጦውን እየገፉ አይሂዱ፤ ቢጫ ተርቦች ከቅጠል ሥር ጎጆ ይሠራሉ። በተርብ ንድፊያ ሰውነቱ የሚያብጥ ሰው ካለ መድኃኒቱን በኪሱ ይያዝ። መጨረሻው አካባቢ መንገዱ ቀጥ ይልና ድንጋይ መቧጠጥ ይጀመራል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ ልጁ ሲወጣ የሳቀበት ድንጋይ ሲወርድ ያስለቅሰዋልና ከመውጣትዎ በፊት አወራረዱን ያስቡ።

ጫፉ ላይ

ደኑ በድንገት ያበቃና ሰፊ፣ ገላጣ የግራናይት ገበታ ላይ ይወጣሉ። ይህ ድንጋይ ዕድሜው 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከታች ቪክቶሪያ፣ ወደቡ፣ በሰው እጅ የተሠራችው ኤደን ደሴትና የሴንት አን ደሴቶች በሰማያዊ ባሕር ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። በድንጋዩ ዳርቻ ደግሞ ነፍሳት የሚበላ ተክል ይበቅላል። ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ የመሰለ ቅጠሉ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ የገባች ዝንብ አትወጣም። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በማሄና በጎረቤቷ ስሉዌት ደሴት ብቻ ስለሆነ ልጆች በዓይናቸው እንጂ በጣታቸው አይመራመሩት። ከገበታው ጠርዝ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ዳርቻው ገደል ነው። ለፎቶ ወደ ኋላ መራመድ ለአዋቂም ለልጅም የተከለከለ ይሁን።

የመመለሻ ሰዓት

ከመነሣትዎ በፊት የትም ብትደርሱ የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰቡ ይንገሩ፤ ለምሳሌ 3 ሰዓት። ዝናብ ከጀመረ፣ ጉም ከወረደ ወይም አንድ ሰው በቃኝ ካለ ደግሞ ከዚያም በፊት ይመለሱ። ይህን ውሳኔ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ሲቀረው መወሰን ከባድ ነው፤ ጠዋት ቁርስ ላይ ከተስማሙበት ግን ማንም ተሸነፍኩ አይልም። ከአባት ወይም ከእናት «ዛሬ ይብቃን» የሚል ቃል የሰማ ልጅ ትልቅ ነገር ይማራል፤ ተራራው ነገም እንዳለ። እርስዎም በቆይታዎ መካከል ሁለተኛ ነፃ ጠዋት ይዘዋል።